ተራራውን ያሳመረው ማን ነው?

በኤጅያን ባሕር ላይ ያለችው የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፎቶ ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በገደሏ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ቤቶችና ሰማያዊ ጉልላት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት በየጉዞ ወኪሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ደሴቲቱ የአንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ጠርዝ ናት። ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ መሐሏ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ባሕሩም ገባበት። የተረፈው ጠርዝ በወፍራም አመድ ተሸፈነ። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝባት ደሴት የኖሩ ድሆች መርከበኞችና ገበሬዎች በኋለኛው ዘመን ያንን የረጋ አመድ እየፈለፈሉ መኖሪያ አደረጉት። ዛሬ በውድ ዋጋ ከሚከራዩት የሆቴል ክፍሎች ብዙዎቹ የእነዚያ ሰዎች የዋሻ ቤቶች ናቸው።

የሳንቶሪኒ ውበት ድህነትና ጥበብ ተጋግዘው የሠሩት ነው። ይህን ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ በላይ የተዘረጉት የየካና የእንጦጦ ተራሮች ውበትም እንዲሁ የተሠራ ነው። ሰዉ ወደዚያ የሚወጣው ንጹሕ አየር ለመሳብ፣ ከተማዋን ከላይ ለማየትና ፎቶ ለመነሣት ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ተራራውን ያሳመረው ማን እንደሆነ፣ በምንስ ጉልበት እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚወርድ ሰው ካየው ያላየው ይበልጣል።

ከአናት ወደ መሠረት

በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ላሊበላ ይሄዳል፤ ከመገናኛ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ሌላ እንዳለ ግን አልሰማም።

የእነዚህ ተራሮች ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ የእንጦጦው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ቀልጦ ከሚፈሰው በተጨማሪ ትኩስ አመድና ስብርባሪ ይተፋል። ያ አመድ በመሬት ላይ ተጋግሮና ተጭኖ ሲረጋ መሮ የሚቀበል፣ ግን በቀላሉ የማይፈርስ ድንጋይ ይሆናል። የሳንቶሪኒ ድሃና የየካ ፈልፋይ በአሳብም በዘመንም ሳይገናኙ አንድ ዓይነት ሥራ የሠሩት ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የያዙት ድንጋይ መፈልፈልን የሚፈቅድ ነበር።

አሠራሩ የተለመደው ግንባታ ተገላቢጦሽ ነው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዐለት ፈልፋይ ከአናት ጀምሮ ወደ መሠረት ይወርዳል። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ የሚፈልገውን ዐለት ከተራራው ይለያል። ከዚያ በመስኮትና በበር በኩል እየገባ ውስጡን ይቦረቡራል። ጣሪያው ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል፤ ወለሉ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። ዓምዶቹ የሚቆሙት በዙሪያቸው ያለው ድንጋይ ስለተነሣ ብቻ ነው፤ ማንም አምጥቶ አልተከላቸውም። ግንበኛ ሲሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የመታውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሮ ከማረፉ በፊት ሕንጻው ሙሉ በሙሉ በፈልፋዩ አእምሮ ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

ዋሻ ሚካኤል መቼ እንደተሠራ ሁለት ዓይነት ነገር ይነገራል። የአካባቢው ትውፊት ወደ ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ በአሠራሩ ተነሥተው ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። የትኛውም ቢሆን አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ከመታሰቧ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚህ ተራራ ላይ የሚጸልይ ሕዝብ፣ ለፈልፋዮች ቀለብ የሚሰፍር ባለጸጋና ዐለት የሚያነብ ባለሙያ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ጣሪያው ብዙው የለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ በቀጥታ ይወርድበታል። ድንጋዩን ለመሮ ያገራው ልስላሴ ለዝናብም ያገራዋል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ የድንጋይ ሽበት በግድግዳው ላይ ይበቅላል፣ የዛፍ ሥር ስንጥቁን ያሰፋል። ፈልፋዮቹ የተዉት የመሮ ምልክትም ከክረምት ወደ ክረምት እየሟሸሸ ነው።

ከአዲስ አበባ በፊት የነበረች ከተማ

እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ወደ ኢጣሊያ ከተጓዙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተጠይቆ በተገኘ ዕውቀት እንደሆነ ይታመናል። በዚያ ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ተጽፋለች። ባራራ በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጠፍታ ቀረች፤ የት እንደነበረችም ተረሳ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪው ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ባሳተሙት ጥናት ባራራን ከእንጦጦና ከየካ ጋር አገናኟት። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ በእንጦጦ ሸንተረር ላይ ያለው ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ ነው፤ ዋሻ ሚካኤልም በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል። ሌሎች ተመራማሪዎች ከተማዋን ወደ ወጨጫ ተራራ ያደርጓታል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ያም ሆኖ ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ባዶ ተራራ አልመረጡም። የዐፄ ዳዊት ከተማ እዚህ ነበረች የሚለው ትውፊት ቀድሞ ይነገር ነበር፤ አዲሱ ንጉሥም በአባቶቹ ፍርስራሽ ላይ መክተሙ ለመንግሥቱ ክብር ነበር።

ከፍታው ለጦር ይመቻል፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ውሃው ሩቅ ነው፣ እንጨቱም ቶሎ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንጦጦ ግን ክብሩን ወዲያው አላጣም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚገኘው ሙዚየም የንጉሡንና የእቴጌይቱን አልባሳትና የክብር ዕቃዎች ያሳያል። በአቅራቢያው ያለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ፣ ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ ነው። ከእንዲህ ያለ ተራ ቤት የዓድዋ ዘመን መንግሥት መነሣቱን ማየት ከብዙ የታሪክ ገጽ የበለጠ ያስተምራል።

በሴቶች ጀርባ የወረደው ጫካ

ዛሬ ተራራውን አረንጓዴ ያደረገው ባሕር ዛፍ የጥንት ጫካ አይደለም። ከተማዋ ስታድግ የአካባቢው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ፤ ተራራው ተራቆተ። ቀድሞ መናገሻዎች እንጨት ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይነሡ ነበር፤ አዲስ አበባም ልትነሣ ተቃርባ ምኒልክ በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩት ነገሮች ዋነኛው በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አንዴ የተተከለ ዛፍ ለብዙ ጊዜ ይታጨዳል። ግንዱ ለቤት ማገር፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ፣ ቅጠሉ ለእንጀራ ምጣድ፣ እንፋሎቱም ለጉንፋን ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ከተራራው በራሱ አልወረደም። ያወረዱት ሴቶች ናቸው። የእንጦጦን መንገድ በማለዳ የሄደ ሰው ያያቸዋል፦ ቅርንጫፉ በቁመቱ ተደርድሮ በገመድ ይታሰራል፤ ሸክሙ በወገብ ላይ በአግድም ያርፋል፤ ገመዱ በትከሻና በደረት ላይ ተስቦ ይያዛል። ሴቲቱ ከወገቧ ታጥፋ አንገቷን ብቻ ቀና አድርጋ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ሸክሟ ከቁመቷ ይረዝማል፤ መኪና ሲመጣ ወደ ጎን ዞራ መቆም አለባት። አንዳንዷ ከ30 ኪሎ በላይ ትሸከማለች። በመንገዷ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሚያንሸራትት ጭቃና የጅብ ስጋት ነበረባት። የከተማዋ እንጀራ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተጋገረው በዚህ ጉልበት ነው። ዛሬ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና የገቡ አሉ፤ በእንጦጦ መንገድ ባለው ማዕከላቸው ነጠላና ፎጣ እየሸመኑ ይሸጣሉ። ከጎብኚ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ የት ቢውል ይሻላል ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ነው።

ባሕር ዛፍ ባለውለታ ቢሆንም ዕዳም አለበት። ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ አፈሩ ባዶውን ሲቀር ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማህበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ ሲደክም የቆየው ለዚህ ነው። በአገር በቀሉ ዛፍ ሥር ያለፈ ሰው ልዩነቱን በእግሩ ይለየዋል፤ መሬቱ እርጥብና ለስላሳ ነው። በጆሮውም ይለየዋል፤ ወፉ ብዙ ነው። ምንቃረ ወፍራሙ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም፤ እዚህ ግን በቅርብ ይታያል።

ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ዝናብ

በእንጦጦ ሸንተረር ላይ የወረደ ዝናብ እንደ ወደቀበት ጎን ዕጣው ይለያያል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች አድርጎ ከተማዋን አቋርጦ አቃቂ ይደርሳል፤ ከዚያ አዋሽ ገብቶ በአፋር በረሃ አልፎ በጂቡቲ ወሰን ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አያይም። በሰሜን በኩል የወረደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ በሙገር ወንዝ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። የሳንቶሪኒ ገደል የሚመለከተው የኤጅያን ባሕርም የዚያው የሜዲትራኒያን ክንፍ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በሸንተረሩ ላይ ሲቆም የሁለት ተፋሰሶችን መለያ እንደረገጠ ይገባዋል። በየካና በእንጦጦ ላይ የሚደረገው ሁሉ፣ ዛፍ መቁረጥም ሆነ መንገድ መጥረግ፣ ለምን ከታች በቀበና ወንዝ ጎርፍ ሆኖ እንደሚታይም ይረዳል።

ለብዙ ሰው የተራራው ውሃ ከሁሉ በፊት ጸበል ነው። በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ይጠመቃሉ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በአገሪቱ ሲበረታ ሕሙማን በብዛት ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በዙሪያው በትንንሽ ክፍሎች ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ቤተሰብ ያገለለው፣ አከራይ ያስወጣው ሰው እዚያ መጠጊያ አገኘ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ጸበልን ከመድኃኒት ማስመረጥ የብዙዎችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጥ ነበር፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ትልቅ ነገር ነበር። ተራራው እይታና አየር ብቻ የሚመስለው ጎብኚ ይህን ምዕራፍ ሊያውቀው ይገባል።

እንዴት ይጎበኛል?

የካንና እንጦጦን በአንድ ቀን አጣድፎ ማየት ሁለቱንም ይጎዳል። ለየካ አንድ ቀን፣ ለእንጦጦ ሌላ ቀን ቢሰጥ ይመረጣል። ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣ ሰው የአካባቢውን ነዋሪ ይዞ ቢሄድ መንገዱም አይጠፋውም፣ ታሪኩንም ከባለቤቱ ይሰማል። ለመራው ሰው የድካሙን ይክፈል። ወደ እንጦጦ የሚሄድ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጥቶ ቁልቁለቱን በእግር ቢወርድ የተራራውን ታሪክ በቅደም ተከተል ያየዋል፦ ከላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፣ መሐል ላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ።

የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ ሯጮች እዚህ ይለማመዱ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ሰውነት ጉድለቱን ለመሙላት ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ውሃ ይጠጣ፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ያማክር። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጉምም እይታውን ይጋርዳል። መስከረም አደይ አበባ የሚፈነዳበት ነው፤ መስከረም 1 ደግሞ የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል ነው። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል።

ባህሉን ማየት ለሚፈልግ ከጥር 12 የሚበልጥ ቀን አይገኝም። በጥምቀት ማግሥት፣ ሌሎቹ ታቦታት ከጃን ሜዳ ከተመለሱ በኋላ፣ የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይሸኛል። መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፤ ወጣቶች ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ በታቦቱ ፊት ይሮጣሉ፤ መዘምራኑ በየተራ ያሸበሽባሉ፤ ከየሰፈሩ የመጣው ጎረምሳ በሆታ ይጨፍራል። የሚመለከት ሰው በመንገዱ ዳር ይቁም፤ ምንጣፉን አይርገጥ። በቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ በቅዳሴ ሰዓት መታገሥ የማንኛውም ጎብኚ ግዴታ ነው። ጸበል የሚጠመቅን ሰው ግን ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም።

ስንት ሰው ይችላል?

ሳንቶሪኒ 15,000 ገደማ ነዋሪ አላት፤ በዓመት የሚጎበኛት ሰው ግን ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል። ጠባብ መንገዶቿ ተጨናንቀው፣ ውሃዋ አጥሮ፣ አስተማሪና ነርስ የሚከራዩት ቤት ሲያጡ ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በመርከብ የሚመጡትን በቀን ከ8,000 እንዳይበልጡ ወሰነች፤ ግሪክም በመርከብ ጎብኚዎች ላይ ቀረጥ ጣለች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ደሴቲቱን ለሳምንታት ሲያናውጣት ከ10,000 በላይ ሰዎች ለቀዋት ወጡ። ባለቤቱ ምድሩ መሆኑን አስታወሰ።

እኛ ወደዚህ ጥያቄ ገና እየተጠጋን ነው። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የብስክሌት መንገዱ፣ ፈረሱና ምግብ ቤቶቹ በርካታ የከተማ ሰው ወደ ተራራው አውጥተዋል። በየካ ተራራ ላይም የጫካ ፕሮጀክት የሚባለው ግንባታ እየተካሄደ ነው። ቤተሰብ በአንድ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየም ወጥቶ ልጆቹን በዛፍ መሐል ማስሮጡ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሊቀንስ አይገባም። ነገር ግን አስፋልት በጨመረ ቁጥር መሬት ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ ይቀንሳል፣ ጎርፉ ይፈጥናል። መብራት በጨመረ ቁጥር የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት ሰማይ ይደበዝዛል። መግቢያው በተወደደ ቁጥር ተራራው የራሱ የነበረው ሰው ከተራራው ይርቃል።

ስለዚህ ልማቱ የሚለካው ስንት ሰው መጣ በሚል ብቻ ከሆነ መለኪያው ጎድሏል። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ምንጩ አሁንም ይፈልቃል? እንጨት ትሸከም የነበረችው ሴት ከአዲሱ ገቢ ድርሻ አላት? በዋሻ ሚካኤል ላይ የክረምቱን ዝናብ የሚመልስ ነገር ተሠርቷል? ሦስቱም የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። አገር በቀል ዛፍ ተተክሎ ይጸድቃል፤ ሸማኔዋ በፓርኩ በር ላይ መሸጫ ቦታ ሊሰጣት ይችላል፤ ፍልፍሉም በባለሙያ ተጠንቶ መጠለያ ሊሠራለት ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ይህን ተራራ እስካሁን ስማቸው ያልተጻፈ ፈልፋዮች፣ ዘበኞች፣ መነኮሳትና እንጨት ለቃሚዎች ተሸክመውት ኖረዋል። ዛሬ በሺህ የምንቆጠር ጎብኚዎች የምንወጣበት ከሆነ ሸክሙን በሺህ ልንካፈለው ይገባል፤ ከመዝናኛው ሂሳብ ጎን ለዛፉ፣ ለሸማኔዋና ለፍልፍሉ የሚውል ድርሻ በግልጽ ይመደብ፤ ጎብኚውም ገንዘቡ የት እንደዋለ ጠይቆ ይክፈል።